ዳሽቦርዱ ስማችሁን አያውቅም፦ «ሼርድ ሰርቪስ ውስጥ ትውውቅ ዋጋ የለውም» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። የተጻፈው በጋራ አገልግሎት ማዕከል፣ ሁላችንም «ሼርድ ሰርቪስ» በምንለው ዘርፍ ለምንሠራ ሰዎች ነው፤ አንድ ኩባንያ የየቅርንጫፉን የሒሳብ፣ የሰው ኃይልና መሰል የድጋፍ ሥራ አንድ ቦታ ሰብስቦ የሚያሠራበት ማለት ነው። መልእክቱ ባጭሩ፦ ትውውቅ ፍለጋ ጊዜ ማባከን ነው፣ ዝም ብላችሁ ሥራችሁን ሥሩ። ለእኔም ብዙ ሰው ላከልኝ። አንዳንዱ «አየህ?» ብሎ፣ አንዳንዱ «እስቲ መልስ ስጥበት» ብሎ።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ጸሐፊውም ዘርፉን ያውቁታል፣ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ዝም ማለት ያልፈለግሁትም ለዚህ ነው። ገና ሥራ የጀመሩ ልጆች አምነው ይከተሉታል ብዬ ሰጋሁ።

መጀመሪያ ያሉትን በቅጡ ላስቀምጥ። አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ በዚህ ዘርፍ ሁሉም ነገር ይለካል፤ ስንት ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) እንደጨረሳችሁ፣ ስንት እንደተሳሳታችሁ ሲስተሙ ያውቃል፤ ስለዚህ ቁጥራችሁ ይናገርላችኋል። ሁለተኛ፣ የምታገለግሉት ሰው ሌላ አገር ነው ያለው፤ በኢሜይል ብቻ የሚታወቅ ሰው ወዳጅ አይሆንም። ሦስተኛ፣ ሼርድ ሰርቪስ የመጣው «እገሌን አውቀዋለሁ» የሚባለውን አሠራር ለማስቀረት ነው፤ ትውውቅ መገንባት የተዘጋውን የጓሮ በር መልሶ መክፈት ነው። አራተኛ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ለአንዷ የቲም ሊደር ወንበር የሚፎካከራችሁ ነው። አምስተኛ፣ ሮቦት፣ ማለትም ሥራውን በራሱ የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ እየመጣ ስለሆነ ሰው ከማወቅ ቴክኖሎጂ ማወቅ ያዋጣል።

ከእነዚህ ውስጥ ሦስተኛው ጠንካራ ነው፤ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሥራችን ይለካል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የሚለካው ቲኬቱ፣ ማለትም ሲስተሙ ላይ የተመዘገበው የሥራ ጥያቄ ነው። ቲኬቱ የተዘጋው ችግሩ ተፈትቶ ይሁን ሳይፈታ፣ ማን እንዴት እንደፈታው፣ ቁጥሩ አይናገርም።

አንድ ተራ ጉዳይ ጠጋ ብለን እንይ። አቅራቢው 500 ዕቃ በሁለት መኪና ላከ። የግዢ ትዕዛዙ 500 ይላል። ኢንቮይሱም 500 ይላል። መጋዘን ያለው ሰው ግን የመዘገበው የመጀመሪያውን መኪና ብቻ ነው፤ ሲስተሙ ላይ የገባው 300 ነው። ሦስቱ ሰነዶች አልገጠሙም፣ ክፍያው ታገደ። ኢንቮይሱን የያዘችው ልጅ ቲኬት ከፍታ ለግዢ ባለሙያው ላከች። እሱ ዕረፍት ላይ ነው። ቲኬቱ «የደንበኛ ምላሽ እየተጠበቀ» ወደሚለው ሁኔታ ይገባል። በብዙ ማዕከል እዚያ ሲገባ በአገልግሎት ስምምነቱ መሠረት ለሥራው የተሰጠው ሰዓት መቁጠር ያቆማል። የሥራውን ቁጥር የሚያሳየው ስክሪን፣ ዳሽቦርዱ፣ አረንጓዴ ነው። አቅራቢው ግን ገንዘቡን አላገኘም፤ ቀጣዩን ጭነት አልልክም ብሏል። ፋብሪካው ውስጥ ሰው እየተሯሯጠ ነው።

በሙያችን ይሄ ስም አለው፤ ሐብሐብ ይባላል። ላዩ አረንጓዴ፣ ሲቆረጥ ቀይ።

አሁን ሁለት ሠራተኞችን አስቡ። አንዷ ቲኬቱን ልካ ትጠብቃለች። ሌላዋ የመጋዘኑን ሰው በስሙ ታውቀዋለች፤ ባለፈው የወር መዝጊያ፣ የወሩ ሒሳብ ሲዘጋ፣ አብረው አንድ ችግር ፈትተዋል። ትደውልለታለች። «የሁለተኛው መኪና የመላኪያ ሰነድ እጅህ ላይ አለ? 200 ይቀረኛል።» ሰውየው ፈልጎ ያገኘዋል፣ ይመዘግባል፣ እገዳው ይነሳል። ልጅቷ ቲኬቱ ላይ የሆነውን ጽፋ ትዘጋዋለች።

በዳሽቦርዱ ዓይን ሁለቱ እኩል ናቸው። እንዲያውም የመጀመሪያዋ ልትበልጥ ትችላለች። እሷ ሰዓቱ ቆሞላታል። ሁለተኛዋ ግን ስልክ ላይ ባጠፋችው ጊዜ የቀኑ ቁጥሯ ወርዷል። ልዩነታቸውን የሚያውቀው የመጋዘኑ ሰው ነው፣ ከዕረፍት የተመለሰው የግዢ ባለሙያ ነው፣ የፋብሪካው የፋይናንስ ኃላፊ ነው። የሂደቱ ባለቤት (ሥራው ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው ኃላፊ) አዲስ ቦታ ከፍቶ «ማንን ላድርግ?» ሲል «ያቺ ልጅ» የሚሉት እነሱ ናቸው። ጸሐፊው ቁጥር ይናገራል ይላሉ፤ ሰው የሚመረጥበት ስብሰባ ውስጥ ግን የሚናገረው ሰው ነው።

ቁጥር ደግሞ አብሯችሁ አይሄድም። የሳሙናና የዳይፐር አምራቹን ፕሮክተር ኤንድ ጋምብልን እንውሰድ። ይህ ኩባንያ በ1999 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የድጋፍ ሥራዎቹን በአንድ ዓለም አቀፍ ክፍል ሥር ሰበሰበ። በኮስታሪካዋ ሳን ሆሴ፣ በፊሊፒንሷ ማኒላና በእንግሊዟ ኒውካስል ማዕከላት ነበሩት። የዘርፉ ሰው ሁሉ እንደ አብነት የሚያነሳው ነው። በ2003 ግን የአይቲ ሥራውን በ10 ዓመት የ3 ቢሊዮን ዶላር ውል ለኤችፒ ሰጠ፤ የሰው ኃይል አገልግሎቱን ለአይቢኤም፣ የሕንፃ አስተዳደሩን ለጆንስ ላንግ ላሳል። ብዙ ሠራተኛ ሥራውን ሳይቀይር አሠሪው ተቀየረበት። እንዲህ ሲሆን አዲሱ አለቃ የአምስት ዓመት የስህተት መጠናችሁን ቁጭ ብሎ አያነብም። «ይሄን ሥራ ማን ያውቀዋል?» ብሎ ይጠይቃል። በራሳችሁ ፈቃድ ወደ ሌላ ኩባንያ ስትሄዱማ ይባስ፤ ዳሽቦርዱን ፎቶ አንስታችሁ መውጣት አትችሉም፣ የምስጢር ስምምነት ፈርማችኋል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጣቸው። ቁጥሩ የወደቀን ሰው ትውውቅ አያነሳውም። በየቀኑ የምትሳሳቱ ከሆነ የመጋዘኑ ሰው ስልካችሁን ያውቀዋል፣ ለዚያም ነው የማያነሳው።

ወደ ርቀቱ ልለፍ። ጸሐፊው «በኢሜይል ወዳጅ አይገኝም» ይላሉ። ወዳጅ ማን አለ? የሚፈለገው ስማችሁን ሲያይ «እሺ፣ ይሄኛው ቁም ነገረኛ ነው» የሚል ሰው ነው።

እንዲያውም ጥናቱ የሚለው ከእሳቸው በተቃራኒው ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ላሳተሙት ጥናት በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን፣ ያንን ሰው በየስንት ጊዜው ታገኙት ነበር ብለው ጠየቁ። ዘወትር የሚያገኙት የነበሩት ከ100 ወደ 17 ብቻ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልፎ አልፎ፣ ከሩብ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ከስንት አንዴ ነበር የሚያገኙት። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ጓደኛ የሚያውቀው እናንተ የምታውቁትን ነው። ራቅ ያለው ሰው ያልሰማችሁትን ይሰማል። በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣና ወደ 20 ሚሊዮን የሊንክዲን (የሥራ ሰዎች የሚገናኙበት ድረ ገጽ) ተጠቃሚዎችን ያካተተ ጥናትም ሥራ ለመቀየር የበለጠ የረዱት በመጠኑ ራቅ ያሉ ትውውቆች መሆናቸውን አሳይቷል። ሌላ አገር ሆኖ በወር አንዴ የሚጽፍላችሁ የፋይናንስ ሰው ማለት እንዲህ ያለ ትውውቅ ነው። ዘርፋችን በዚህ በኩል የታደለ ነው። ሌላው ሰው ስብሰባ እየዞረ የሚፈልገውን፣ እኛ ቲኬት ውስጥ እናገኘዋለን።

ሥራ ወደ ማዕከል ሲዛወር ያለውን ጊዜም ጸሐፊው ዘለውታል። «የዕውቀት ሽግግር» ይባላል። ሥራውን የያዘው የቅርንጫፍ ሠራተኛ ስክሪኑን እያጋራ ያሳያል፣ የማዕከሉ ሠራተኛ ይጽፋል። የሚጻፈው ደንቡ ነው። «ይሄ አቅራቢ ኢንቮይሱን ሁለት ገጽ አድርጎ ይልካል፤ ትክክለኛው ድምር ያለው ሁለተኛው ላይ ነው» የሚለው አይጻፍም። «የዚያ ቅርንጫፍ ሰዎች ወር ሲያልቅ ኢሜይል አያዩም፣ ደውሉላቸው» የሚለውም አይጻፍም። ይሄ ሁሉ ያለው ሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ሰውየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያጣው ሰው ነው። ይሄን ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። እንጀራው ወደ እናንተ እየመጣ፣ እንጀራው እንዴት እንደሚጋገር አሳየን ትሉታላችሁ። እዚህ ላይ «ትውውቅ መገንባት» የሚባል ነገር ሊያሳፍር ይችላል፤ ማፈርም ጥሩ ነው። የሚሆነው ነገር ቀላል ነው። እንዳልሰማችሁ አትሁኑ። ጊዜውን አክብሩ፣ አንዴ ያስረዳችሁን መልሳችሁ አትጠይቁ። የሥራ መመሪያው ላይ «ይህን ያስረዱን እገሌ ናቸው» ብላችሁ ስማቸውን ጻፉ። አለቃቸውን በኮፒ አድርጋችሁ አመስግኑ፤ ያቺ ኢሜይል ለሚቀጥለው ሥራ ፍለጋቸው ትጠቅማቸዋለች። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ከገበያው ጠፍተው አይቀሩም። አንዳንዶቹ ሌላ ኩባንያ ውስጥ የሽግግር ሥራ መሪ ሆነው ብቅ ይላሉ፣ ያኔ የማን ስም ትዝ እንደሚላቸው መገመት አይከብድም።

አሁን ከባዱ ነጥብ። ትውውቅ የጓሮ በር ነው የሚለው።

በመጀመሪያ ታሪኩን ትንሽ ላቃናው። እነ ፎርድና ጀነራል ኤሌክትሪክ በ1980ዎቹ የሒሳብ ሥራቸውን ወደ አንድ ቦታ መሰብሰብ ሲጀምሩ ያሳሰባቸው ወጪ ነበር። በየቅርንጫፉ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ክፍል ማስቀመጥ ውድ ነው። ወጥ አሠራርና ቲኬት ከዚያ ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። ትውውቅን ለማጥፋት ተብሎ የተቋቋመ ማዕከል አላውቅም።

ይሁን እንጂ ስጋታቸው የውሸት አይደለም። «ወንድሜ፣ የእኔን አቅራቢ ዛሬ ክፈልልኝ» የሚል ጥሪ ያልደረሰው የተከፋይ ሂሳብ ሠራተኛ የለም። አንድ ሲፈቀድ ሁለት ይመጣል። ዝም ብሎ የተሰለፈው ሰው ይጎዳል። ይሄንን ጸሐፊው ልክ ብለዋል፣ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ግን ሁለት የተለያዩ ጥሪዎችን አንድ አድርገዋቸዋል። አንዱ «የእኔን አስቀድምልኝ» ይላል። ሌላው «ይሄ ለምን ቆመ?» ይላል። የመጀመሪያው ወረፋ ይዘላል። ሁለተኛው ወረፋውን የዘጋውን ድንጋይ ያነሳል። እኔ ሁለቱን የምለይበት መንገድ አለኝ፦ ያደረግሁትን ቲኬቱ ላይ ሳላፍር መጻፍ እችላለሁ ወይ? «ከመጋዘን ጋር ተነጋግሬ ቀሪው 200 ተመዝግቧል» ብዬ መጻፍ እችላለሁ። «ጓደኛዬ ስለሆነ አሳለፍኩለት» ብዬ አልጽፍም። መጻፍ የማልችለውን አላደርገውም።

ደግሞ ያ የስልክ ጥሪ በዚያ አያበቃም፣ ማብቃትም የለበትም። ያው መጋዘን ሦስተኛ ጊዜ ሁለተኛውን መኪና ካልመዘገበ፣ ነገሩ ከሰውየው መርሳት ያለፈ ነው። የሂደቱ ባለቤት ዘንድ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ማን ዘንድ እንደሚኬድ ማወቅም ትውውቅ ነው። ሰውየው ደግሞ ስለምታውቁት እውነቱን ይነግራችኋል፦ «ሁለተኛው መኪና የሚመጣው ማታ ነው፣ ማታ መመዝገቢያው ኮምፒውተር ተቆልፎበታል።» ይሄንን የትኛው ቲኬት ይነግራችሁ ነበር?

ጸሐፊው ቁጥጥርንም አንስተዋል፤ ሰው የሚያውቅ ሰው ቁጥጥሩን ያላላል ይላሉ። እዚህ ላይ የዘርፉን ትልቁን ራስ ምታት ላስታውሳቸው። አንድ ኢሜይል ይመጣል፦ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ላኩ።» ከ2013 እስከ 2015 አንድ ሊቱዌኒያዊ ራሱን ትልቅ የኮምፒውተር ዕቃ አምራች አስመስሎ፣ በሐሰተኛ ኢንቮይስና ኢሜይል ከጉግልና ከፌስቡክ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወስዷል። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ጥፋተኝነቱን አምኖ አምስት ዓመት ተፈርዶበታል። እነዚያን ኩባንያዎች አንድ ስልክ ያድናቸው ነበር ብዬ አልምልም። ነገር ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ በየማዕከሉ ያለው ደንብ ምንድን ነው? ኢሜይሉ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ቀድሞ በተመዘገበው ቁጥር ደውላችሁ አረጋግጡ ነው የሚለው። የምትደውሉለትን ሰው ካወቃችሁት «ይሄ የእሱ አጻጻፍ አይደለም» ትላላችሁ፤ ያ ጥርጣሬ ደንቡ ላይ ይጨመራል። ደንቡን ግን አይተካም። ድምፁን ብለየውም በተመዘገበው ቁጥር እደውላለሁ፣ ለውጡንም ሁለተኛ ሰው ያጸድቀዋል። እንዲህ ከተያዘ ትውውቅና ቁጥጥር አይጣሉም።

አራተኛውን ቶሎ ልለፈው፣ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። የቲም ሊደር ወንበር አንድ ናት፣ እሺ። ማዕከል ግን አንድ አይደለም። እንደ ክራኮው፣ ማኒላና ባንጋሎር ባሉ ከተሞች የብዙ ኩባንያ ማዕከላት አንድ ሰፈር ተሰብስበው ነው ያሉት፤ ሰውም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ዛሬ ወንበሯን የወሰደችባችሁ ልጅ ነገ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ሠራተኛ የምትቀጥር ኃላፊ ናት። ያኔ ትዝ የሚላት የወር መዝጊያ ሌሊት ማን ፋይሉን አካፍሏት እንደነበረና ማን ደብቆባት እንደነበረ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከሌላ ኩባንያ ሰው ጋር ስታወሩ እንዴት እንደምትሠሩ አውሩ፤ ስንት እንደምትከፍሉ፣ ለማን እንደምትከፍሉ ለራሳችሁ ያዙ። የአቅራቢ ዋጋ የቡና ላይ ወሬ አይደለም።

ሮቦት እየመጣ ነው ለሚለው፣ መጥቷል። ሦስቱ ሰነዶች የገጠሙለትን ኢንቮይስ በብዙ ማዕከል ሰው መንካት ካቆመ ሰነበተ። ግን ሮቦቱ የሚወስደው የገጠመውን ነው። ያልገጠመው፣ የጎደለው፣ የተደረበው፣ አቅራቢው የተቆጣበት፣ እሱ ለሰው ይቀራል። ያ የሚቀረው ሥራ ደግሞ ከላይ እንዳየነው መጋዘን ደውሎ የሚፈታ ነው። አውቶሜሽን በገባ ቁጥር የቀሪው ሥራ ትውውቅ የሚጠይቀው ክፍል ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሮቦቱ ራሱም ሰው ይፈልጋል። ብዙዎቹ ሮቦቶች የሚሠሩት ልክ እንደ እኛ ስክሪን ላይ ያለውን ቁልፍ እየተጫኑ ነው። ሲስተሙ ተሻሽሎ አንድ ሳጥን ቦታው ሲቀየር ሮቦቱ ይቆማል። ማሻሻያው ቅዳሜ እንደሚገባ የሚያውቀው የአይቲው ልጅ ነው። ከእናንተ መካከል የሚያውቀው ሰው ካለ ሐሙስ ቀን «ተጠንቀቁ» ይላል። ከሌለ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሰው አንድ ላይ ይሰማል። ኤክሴልም፣ ከመረጃ ቋት መረጃ ማውጫ የሆነውን ኤስኪውኤልንም ተማሩ፣ ጸሐፊው እውነታቸውን ነው። ስትማሩ ግን አብሯችሁ የሚማረውን ሰው ስም ያዙ።

በመጨረሻ ጸሐፊው ሊንክዲን ላይ ሰው በሚያጠራቅሙ ሰዎች ቀልደዋል። ቀልዳቸውን ወድጄዋለሁ። ከ500 በላይ ሲሆን ገጹ ትክክለኛውን ቁጥር እንኳ አይቆጥርላችሁም፣ «500+» ብሎ ይተወዋል። «ሰላም፣ ኔትወርኬን ማስፋት ስለምፈልግ ነው» የሚል መልእክት ለእኔም ይመጣል፤ ምን ብዬ እንደምመልስ ግራ ይገባኛል። መልስ የሚያስገኘው መልእክት እንዲህ ያለው ነው፦

«ሰላም፣ ባለፈው ዓመት የጉዞ ወጪ ሥራችሁን ወደ ማዕከል ስታዛውሩ እርስዎ እንደመሩት አየሁ። እኛ አሁን እየጀመርን ነው። የተጠራቀመውን የድሮ ጥያቄ አብራችሁ ነው ያዛወራችሁት ወይስ የቀድሞው ክፍል እንዲጨርሰው ተዋችሁለት? እኛ አብረን ልናዛውር አስበን፣ የመጀመሪያው ወር እንዳይጨናነቅብን ፈራን።»

እንዲህ ላለ ጥያቄ ሰው ምሳውን ትቶ ይመልሳል።